እናትየዋ የመጣችበት ምዕራፍ

ሩማሳኡ የገዛ ታሪኳን በሌላ ሰው ድምፅ መጀመሪያ የሰማችው ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ለዒድ አረፋ ቀሚስ ልትለካ ሄዳ ሳለ ሰፊዋ መርፌ በጥርሷ ነክሳ፣ ስልኳን የክር ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ታዳምጥ ነበር። ከስልኩ የሚወጣው የሴት ድምፅ የት ላይ ዝግ እንደሚል፣ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚውጥ የሚያውቅ ድምፅ ነው።

«ሰዓዴ በሩ ላይ ቆመች» አለ ድምፁ። «እግሯ አልታዘዝ አላት።»

ሩማሳኡ ክንዷን ለሜትሩ እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። ሰዓዴን በሩ ላይ ያቆመቻት እሷ ናት። ያንን ዓረፍተ ነገር ዱቄት በነካው ጣቷ ስልኳ ላይ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ጽፋ ነው የተወችው።

«እጅሽን አውርጂው እንጂ እህቴ፤ ለክቼ ከጨረስኩ ቆየሁ» አለች ሰፊዋ።

«ምንድን ነው የምትሰሚው?»

«አልሰማሽም? ካኖ ከተማ ነው ግን የምትኖሪው? የላዲዲ ነዋ፣ ‹ከግድግዳው ወዲያ›። ባሌ እንኳ እየተደበቀ ይሰማታል። አላይም፣ አልሰማም የሚለው ሰውዬ ትናንት ባስነጥስ ‹እረፊ አንቺ፣ ልትናገር ነው› አለኝ።»

«የላዲዲ ነው ታሪኩ?»

«የሷ ነው እንጂ ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

ሩማሳኡ መልስ ነበራት፤ ግን የሚነገር መልስ አልነበረም።

ባሏ ላዋን ክፉ ሰው አይደለም። ልጻፍ ስትለው አልከለከላትም፤ የጠየቃት ስሟ፣ ፊቷና ድምፅዋ ከቤት እንዳይወጡ ብቻ ነው። እሷም ከዚያ የበለጠ አልፈለገችም። ስለዚህ «የኢና ልጅ» እያለች ጻፈች። የከተማው ግማሽ እናቱን ኢና ብሎ ነው የሚጠራው፤ የኢና ልጅ ነኝ ማለት ከሰው መሃል አንዷ ነኝ ከማለት አይሻልም። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ባለትዳር ሴቶች የሚጽፉት እንዲህ ተሸፍነው ነው። ልጅ ሲተኛ፣ ወጥ ሲንተከተክ አንድ ገፅ ይጽፋሉ፤ ገፁን ለዋትሳፕ ቡድናቸው ይለቃሉ፤ አንባቢዎች ይመርቃሉ፣ ይራገማሉ፣ «ጣውንቷን ግደይልን» ብለው ይለምናሉ። ከዚያ አንዷ ገጾቹን በአንድ ፋይል ትሰበስባለች፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ከአናቱ ላይ ስሙ ይጠፋል። አንዷ ለጓደኛዋ ስትልክ ትቆርጠዋለች፤ ሌላዋ የራሷን ሰላምታ ትጨምርበታለች። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ አባት የሌለው ልጅ ሆኗል።

ከልብስ ሰፊዋ ቤት ወጥታ በቀጥታ ቢልኪሱ ዘንድ ሄደች። ቢልኪሱ የቡድኑ አስተዳዳሪ፣ የልጅነት ጓደኛዋ፣ ምላሷ ከቢላ የሰላ ሴት ናት። ግቢዋ ውስጥ ልብስ እያሰጣች አገኘቻት።

«አውቃለሁ» አለች ቢልኪሱ ገና ሳትጠይቃት። «ስንቴ ልነግርሽ አስቤ ፈራሁ። ይቺ ላዲዲ የምትባለዋ! ሰው ያበሰለውን ወጥ በራሷ ሰሃን ገልብጣ ‹ብሉልኝ› የምትል!»

«ታንብበው፣ ምን ቸገረኝ» አለች ሩማሳኡ። «እንዲያውም ጥሩ ነው የምታነበው። ግን የት ድረስ አነበበችው?»

ቢልኪሱ የያዘችውን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። እርጥብ ነበር።

«እስከ መጨረሻው» አለች።

«መጨረሻውን እኮ አልጻፍኩትም።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

እውነት ነው፤ ሩማሳኡ ታሪኩን አልጨረሰችውም። ሰዓዴ ምጥ ላይ ሆና፣ ቤተሰቡ «ባሏ ከሌጎስ ይመለስና ሐኪም ቤት መሄዷን እሱ ይፍቀድ» እያለ እንደተቀመጠ ነበር ያቆመችው። ለአንባቢዎቿ ረመዳን ነው አለች፤ ረመዳን ሲያልፍ ልጅ ታሞብኝ ነው አለች። ነገሩ ሌላ ነበር። የመጨረሻውን ምዕራፍ ልትጽፍ ስልኳን ታነሳና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ቢልኪሱ ስልኳን አወጣች፤ ሁለቱም የውሃ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ሰሙ። የላዲዲ ድምፅ እንዲህ ይል ነበር፦ የሰዓዴ እናት ከግድግዳው ወዲያ ሆና የልጇን ጩኸት ሰማች። እፍረቷን ጣለች። የልጇን አማቾች በር በእርግጫ ከፍታ ገባች። በሰው ሁሉ ፊት የልጇን ስም ጮኻ ጠራች፤ አቅፋ አነሳቻት፤ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻት። ሰዓዴ ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏም ከሌጎስ ተመልሶ እግሯ ላይ ወደቀ።

ከታች አስተያየት የሰጡት ሴቶች ብዛት ልክ አልነበረውም። አልቅሰናል ይላሉ። እናት ማለት እንዲህ ናት ይላሉ።

«መጥፎ አይደለም እኮ» ብላ ጀመረችና ቢልኪሱ የጓደኛዋን ፊት አይታ ስልኩን ዘጋችው።

ሰዓዴ ሰዓዴ አይደለችም። ማይሮ ናት፣ የሩማሳኡ ታላቅ እህት፣ የእናታቸው በኩር። በአገሩ ልማድ እናት የበኩሯን ስም አትጠራም፤ ሰው ፊት አታቅፈውም፤ ቢታመም ሌላ ሴት ታስታምመዋለች እንጂ እሷ ዞር ብላ ትቀመጣለች። የጨዋ ሴት እፍረት ይሄ ነው። ኢና በዚህ እፍረቷ ሰፈሩ ውስጥ የምትመሰገን ነበረች። ማይሮን «ያቺ» ነበር የምትላት። «ያቺ በልታለች?» «ያቺ ጫማዋ ተቀደደ፣ ግዙላት።» ማይሮ ለጎረቤት ተዳረች፤ በሁለቱ ቤቶች መሃል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ምጧ ሲመጣ ባሏ መንገድ ላይ ነበር፤ የባሏ አክስቶች ይምጣና ይፍቀድ አሉ። የመጀመሪያ ወሊድ ላይ ያለች ልጅ ድምፅ አታሰማም፤ ማይሮ ግን አሰማች። ኢና ግድግዳው ሥር ሙቀጫዋን አቁማ ዘነዘናውን አነሳች። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ጀምራ ስትወቅጥ ዋለች። ሩማሳኡ ትንሽ ልጅ ሆና አጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ስታይ ሙቀጫው ውስጥ ምንም አልነበረም። ባዶ እንጨት ነበር ኢና የምትወቅጠው። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ከግድግዳው ወዲያ ዝም አለ፤ ኢናም ዘነዘናውን አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን በቤቱ ውስጥ አንድም ቃል ተነስቶ አያውቅም። ሩማሳኡ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው ሌላ ነገር ስላማራት አይደለም። የሆነው ነገር እንደሆነው አንድ ቦታ እንዲቀመጥ ብቻ ነበር የፈለገችው። አሁን ከተማው ሁሉ እናትየዋ መጣች እያለ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በንዴት የመጨረሻውን ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው። ሙቀጫው አለበት። ባዶነቱ አለበት። ለማንም አልላከችውም፤ አስቀድማ ለደራሲያቱ ማህበር አቤት አለች።

የማህበሩ ሊቀመንበር ሐጂያ ታላቱ በወጣትነታቸው የታተሙ ልብ ወለዶቻቸውን በገበያ የሸጡ፣ አሁን በስልክ የሚጽፉትን ሴቶች ጠብ የሚዳኙ ትልቅ ሴት ናቸው። ጉዳዩን በሳሎናቸው ሰሙት። ኮሚቴዎቹ በሶፋው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ላዲዲ ዘግይታ ገባች። ሩማሳኡ አንዲት ቀበጥ ጠብቃ ነበር፤ የመጣችው ግን ጉንፋን የያዛት ቀጫጫ ልጅ ናት። ለሐጂያ ዳቦ ይዛላቸዋለች፤ ተንበርክካ ሰላም አለቻቸው።

«ድምፅሽ የት ሄደ?» አሉ ሐጂያ።

«አቧራው ወሰደው ሐጂያ። አድማጮቼ ባሏ ደበደባት ብለው እያስወሩ ነው። ባል እንኳ የለኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሩማሳኡ ልጅቷን መጥላት ሊያቅታት ሲል ተሰማት፤ በዚህም ተናደደች።

«በይ የኔ ልጅ» አሉ ሐጂያ ታላቱ ወደ ላዲዲ ዞረው፣ «የሰው እህል ለምን ወቀጥሽ?»

«ሐጂያ፣ ፋይሉ ሲደርሰኝ ስም አልነበረውም። ማን ልበል? አክስቴ ዓይነ ስውር ናት፤ ለሷ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ከዚያ ጎረቤት መጣ፣ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት። አሁን የምትሰማኝ ሴት ብዙዋ ፊደል የማትለይ ናት። እኔ ባላነብላቸው ይሄን ታሪክ ማን ይነግራቸው ነበር? ባለቤቱ ስትመጣ ግን» ብላ ወደ ሩማሳኡ ዞረች፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ዛሬውኑ ስምሽን አናቱ ላይ አስቀምጣለሁ። ሙሉ ስምሽን፣ የአባትሽን፣ የሰፈርሽን፤ የፈለግሽውን።»

«ሙሉ ስሜ አይወጣም» አለች ሩማሳኡ።

«እሺ፣ የኢና ልጅ ልበል። እኔም እኮ የኢና ልጅ ነኝ፤ ማንም አይጠረጥርሽም።»

እንደገና ሳቅ ሆነ። ሐጂያ እጃቸውን አነሱ።

«ስሟ ተመለሰ። ሌላስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መጨረሻው ይውረድ» አለች ሩማሳኡ። «መጨረሻው የኔ አይደለም። ውሸት ነው።»

«ልብ ወለድ አይደል እንዴ? ሁሉም ውሸት አይደል?» አለች ከኮሚቴዎቹ አንዷ፣ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገች ሴት።

«ያንቺን መጨረሻ ጽፈሽዋል?» አሉ ሐጂያ።

«ጽፌዋለሁ። ስልኬ ላይ አለ።»

«አንብቢልን።»

ሩማሳኡ አነበበች። ድምፅዋ የላዲዲ አልነበረም፤ ይቆራረጣል። ሙቀጫው ጋ ስትደርስ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስትጨርስ የገባቸው ስለመሰላት ልቧ ትንሽ ተነሳሳ።

«አስተግፊሩላህ!» አለች ባለመነጽሯ። «ይቺ እናት ናት ወይስ ጅብ?»

«እፍረት ይዟት ነው» አለች ሩማሳኡ። «በኩሯ ናት።»

«እፍረቱን ማን አላወቀውም?» አሉ ሐጂያ ታላቱ። «የኔ በኩር የልጅ ልጅ አይቷል፤ ዛሬም ስሙን ጠርቼ አላውቅም። ቢሆንም የኔ እናት፣ ሞት በር ላይ ሲቆም እፍረት ይጣላል። ሙቀጫ እየወቀጠች የልጇን ሞት የምትሰማ እናት እኔ አላየሁም።»

«እኔም ይህ አይታመንም ብዬ ነው» አለች ላዲዲ ቀስ ብላ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ ሙያ ባልደረባ ነው የተናገረችው። «አንባቢ ይቆጣል። እኔ ብሆን እናትየዋ ምክንያት እንዲኖራት አደርግ ነበር፤ የታሰረች፣ ወይ ደንቆሮ የሆነች። እንዲሁ ሰምታ ከቀረች ሰው ‹ይቺ ደራሲ እናት አታውቅም› ነው የሚለው።»

ሩማሳኡ አፏን ከፈተች። የሚቀራት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰዓዴ እህቴ ናት፤ ሙቀጫው አሁንም እናቴ ግቢ አለ፤ ሄዳችሁ እዩት። ይህን ብትል ሳሎኑ በሙሉ ያምናት ነበር። ብትል ግን ኢናን ከነሙቀጫዋ አምጥታ በእነዚህ ሴቶች መሃል ምንጣፉ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ጅብ ያለቻት ሴት ፊት። ከዚህ ሳሎን የወጣ ወሬ ደግሞ መግሪብ ሳይደርስ ከተማውን ይዞራል። ሰው የሸፈነውን ገመና መግለጥ ከስርቆት የከፋ መሆኑን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው።

«የምትጨምሪው አለሽ?» አሉ ሐጂያ።

«የለኝም» አለች።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ላዲዲ የደራሲዋን ስም ትመልሳለች፤ ከአሁን በኋላ ሳታስፈቅድ አታነብም። መጨረሻው ግን ባለበት ይቆያል፤ ደራሲዋ የራሷን በጊዜው ስላላወጣች፣ አድማጭም ስለወደደው። ላዲዲ በፈገግታ ተነስታ ሩማሳኡን አቀፈቻት፤ እዚያው እንደቆመች ስልኳን አወጣችና የታሪኩ ክፍሎች ሁሉ አናት ላይ «ደራሲ፦ የኢና ልጅ» ብላ ጻፈችባቸው። የመጨረሻውም ክፍል አናት ላይ።

ባጃጁ ውስጥ ቢልኪሱ እልልታዋን መያዝ አልቻለችም።

«አሸነፍን! ስምሽ ተመለሰ እኮ አንቺ! ምነው ታዲያ የለቅሶ ቤት ፊት አደረግሽ?»

«ቀድሞ ውሸቱ የሷ ነበር» አለች ሩማሳኡ። «አሁን የኔ ሆነ።»

ቢልኪሱ አልገባትም፤ ሩማሳኡም አላስረዳቻትም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፦ የራሷን ምዕራፍ ለራሷ ቡድን መልቀቅ። ማንም ባያምናት፣ ጅብ ቢሏት፣ ቢያንስ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጣል። ከጁምዓ በኋላ እለቀዋለሁ ብላ ወሰነች፤ ከዚያ በፊት እንደ ሌላው ሳምንት ሁሉ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች።

ኢና ግቢው ጥላ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ጎረቤቷ ዴሉ አጠገቧ ናት፤ በመሃላቸው የዴሉ ስልክ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተቀምጦ ያነባል። ሩማሳኡ ድምፁን ከበሩ ላይ ለየችው።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ» አለች ዴሉ። «እናትሽን ጉድ ሠራኋት። አንድ ጊዜ ባሰማት ሱስ ያዛት። ጠዋት የኮኮ አጥሚቷን ሳትጠጣ በሬን ታንኳኳለች።»

«አትዋሺ አንቺ» አለች ኢና። «ከጠጣሁ በኋላ ነው።»

ሩማሳኡ ተቀመጠች።  ኢና ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት፤ ዛሬ ፊቷ ላይ የሆነ መፍታታት ነበረበት፣ ከረጅም ትኩሳት እንደተነሳ ሰው።

ዴሉ ልጇ ጠርታት ሄደች፤ ስልኳን ተወችላቸው። ኢና የፈለፈለችውን ወደ አንድ ጎን ገፋ አደረገች።

«ይሄን ታሪክ ታውቂዋለሽ?»

«ሰምቼዋለሁ ኢና።»

«ልጅቷ ምጥ ይዟት፣ እናትየዋ ከግድግዳው ማዶ…» ኢና አልጨረሰችውም። ኦቾሎኒ አንስታ ሳትፈለፍለው መለሰችው። «መጣች። እናትየዋ መጣች።»

«አዎ።»

«ዴሉ ደግሞ ምን ትለኛለች፤ ይቺ የጻፈችው ሴት ሌላ መጨረሻ አላት አሉ። ማህበራቸው ፊት አነበበችው አሉ። እናትየዋ ሳትመጣ የቀረችበት።» ኢና ዓይኗን ወደ ልጇ አላነሳችም። «አንቺ ማንበብ ትችያለሽ። እውነት ነው? እንዲህ የሚል አለ?»

 ሩማሳኡ የእናቷን እጅ አየች፤ የጣቶቿ ጫፍ የኦቾሎኒ ቅርፊት እንደ አቧራ ለብሷል። ምዕራፉ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ስልኳ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የቀረው።

«የለም» አለች። «ወሬ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ኢና። መጨረሻው ይሄው ነው፤ ሌላ የለም።»

ኢና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እሰይ» አለች። «እሰይ። እንግዲያው ከምትመጣበት ጀምሪና እንደገና አሰሚኝ። እኔ መክፈቱን አላውቅበትም።»

ሩማሳኡ የዴሉን ስልክ ከማንሳቷ በፊት የራሷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ምዕራፉን ፈልጋ አገኘችው፤ አጠፋችው። ማጥፋትሽን አረጋግጪ ሲላት አረጋገጠች። ከዚያ የዴሉን ስልክ አንስታ ቦታውን ፈልጋ ከፈተች፤ ለኢና ጆሮ አስጠጋችው።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። የላዲዲ ድምፅ ሲጣደፍ ኢና መፈልፈሏን ትታ ጎንበስ አለች። እናትየዋ በአክስቶቹ መሃል አልፋ ልጇ ላይ ተደፋች፤ በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጮኻ ጠራች። የኢና ከንፈር ከድምፁ ጋር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ሩማሳኡ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች።

«ሰዓዴ» ነበር የምትለው። ቀስ ብላ፣ ደጋግማ፣ «ሰዓዴ፣ ሰዓዴ» ትላለች። ማይሮ አላለችም።